ፈሪው ውሻና ነባሩ ውሻ

ውሻ የገበሬ ጓደኛ ነው። ሌሊት ጅብ ወደ በረት ሲጠጋ የሚጮኸው ውሻ ነው። ቀን ዝንጀሮ ወደ ማሳ ሲወርድ የሚያባርረው ውሻ ነው። ሌባ አጥር ሲነቀንቅ ባለቤቱን የሚቀሰቅሰውም እሱ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የተባለው ያለ ነገር አይደለም።

ነገር ግን ውሻ ሁሉ ቤት የለውም። አንዳንዱ ጌታው ይሞትበታል። አንዳንዱን ጌታው ወደ ከተማ ሲገባ ትቶት ይሄዳል። ሌላው ደግሞ መንገድ ላይ ተወልዶ፣ በድንጋይ እየተባረረ ያድጋል። እንዲህ ያለው ውሻ ሰው ሲያይ ይሸሻል። ጫማችንን ለማሰር ጎንበስ ስንል ድንጋይ ያነሳን ይመስለዋል።

የሚያዝንለት ሰው ሲያገኝ ወደ ግቢ ይገባል። ሰውየው «እስኪለምድና ጌታ እስኪያገኝ በአደራ ላቆየው» ይላል። መልካም ነው። ታዲያ በግቢው ሌላ ውሻ ካለስ? ሁለቱ ቢናከሱስ? ልጅ ቢነክስስ? እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እንመልከት።

1. ፈሪ ነው ወይስ በሽተኛ?

ከሁሉ በፊት ይሄንን መለየት ያስፈልጋል። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ውሻ ሁሉ አይሮጥም፤ ሁሉም አይናከስም። አንዳንዱ ጭምት ይሆናል። ጨለማ ፈልጎ ይደበቃል፤ ከሰው ይርቃል። የሚያየው ሰው «ፈርቶ ነው» ይላል። አደጋው እዚህ ላይ ነው።

በምን እንለያቸዋለን? ፈሪ ውሻ ሰው ዞር ሲልለት ይበላል፤ ውሃም ይጠጣል። በሽተኛው ግን መዋጥ ያቅተዋል። መንጋጋው ይወርዳል፤ ለሃጩ ይዝረከረካል። ድምፁ ይለወጣል፤ እግሩ ይብረከረካል። ወይም ደግሞ እንጨትና ድንጋይ ይነክሳል፤ ያገኘውን ሁሉ ይለክፋል። እንዲህ ያለውን ውሻ መንካት አይገባም። «አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል» ብሎ እጅን ወደ አፉ መስደድ ሕይወት ያሳጣል። ልጆችንና ከብቶችን አርቀን ወዲያው ለእንስሳት ሐኪም ወይም ለቀበሌ እናስታውቅ።

ጤነኛ የሚመስለውም ቢሆን ሐኪም ሳያየውና ሳይከተብ ከነባሩ ጋር አይቀላቀል። አንድ ውሻ በሽተኛ ውሻ ከነከሰው በኋላ ምልክቱ እስኪታይበት ብዙውን ጊዜ ሳምንታት ወይም ወራት ያልፋሉ። ስለዚህ ዛሬ ደህና ሆነ ማለት ነገም ደህና ነው ማለት አይደለም። ያበደ ውሻ እንደነከሰው የምናውቀውን ውሻ ማስጠጋት ፈጽሞ አይገባም። ነባሩም ውሻ አስቀድሞ ይከተብ። ክትባቱ ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፤ ሐኪሙ በሚያዘው ጊዜም ይደገማል።

ክትባቱ የሚጠቅመው ለእኛ ብቻ አይደለም። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የለም። በባሌ ተራሮች፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1991 እና በ1992፣ እንደገናም በ2003፣ ይኸው በሽታ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። በሽታው የሚተላለፍባቸው ከውሾች ነው።

2. ፍርሃት ምንድን ነው?

ፈሪ ውሻ ክፉ ውሻ አይደለም። ያየውን የማይረሳ ውሻ ነው። ሰው በመጣ ቁጥር ዱላ ከመጣ፣ ሰውና ዱላ በልቡ አንድ ይሆናሉ።

ኢቫን ፓቭሎቭ የተባለ የሩሲያ ሊቅ ይህን ነገር በውሾች ላይ መርምሯል። ፓቭሎቭ ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ጥናት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሰው ነው። ለውሻው ምግብ ከመስጠቱ በፊት አንድ ድምፅ ያሰማው ነበር። ይህን ደጋገመው። ከጊዜ በኋላ ውሻው ምግቡ ሳይመጣ፣ ድምፁን ብቻ ሰምቶ ለሃጩ መውረድ ጀመረ። ለካ ውሻ አንዱ ነገር የሌላው ምልክት መሆኑን ይማራል!

እንግዲያው ፍርሃትን በተማረበት መንገድ እምነትንም ይማራል። ሰው በመጣ ቁጥር ዱላ ሳይሆን ቁራሽ ቂጣ ይምጣ። በመጀመሪያው ቀን ምግቡን አስቀምጠን እንሂድ። በሌላው ቀን ራቅ ብለን እንቀመጥ። ፊት ለፊት አንቁምበት፤ ዓይን ዓይኑን አንየው። ጎናችንን ሰጥተን፣ ዝግ ባለ ድምፅ እንናገር። እሱ ራሱ ይምጣ እንጂ እኛ አንሂድበት። ሲጠጋም ወዲያው አናቱን ለመዳሰስ አንቸኩል። ከላይ የሚወርድ እጅ ለእሱ ዱላ ነው።

3. የራሱ ጥግ ይኑረው

ብዙ ሰው ፈሪ ውሻ እንዳይጠፋ ብሎ በአጭር ገመድ ያስረዋል። ይሄ ጥሩ አይደለም። የፈራ ውሻ ሁለት መንገድ አለው፤ አንዱ መሸሽ፣ ሁለተኛው መንከስ። ስናስረው መሸሻውን ዘጋንበት። ታዲያ ምን ቀረው?

ከተቻለ በጓሮ በኩል፣ ሰውና ከብት ከማይበዛበት ቦታ፣ አንድ ጥግ በእሾህ እንጠርለት። ዝናብና ፀሐይ የማያገኘው መጠለያ፣ ጭድና ውሃ ይኑረው። በገመድ ማሰር ግድ ከሆነም ገመዱ ረዘም ይበል፤ አንገቱን አያንቀው፤ መደበቂያው ድረስ ያድርሰው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጎረቤት ተሰብስቦ አይየው። ዝምታ መድኃኒቱ ነው።

4. ሁለቱን ማስተዋወቅ

ነባሩ ውሻ ግቢውን የራሱ አድርጎ ያየዋል። ሳይታሰብ እንግዳ ቢገባበት ይቆጣል። ስለዚህ በደረጃ እንሂድ።

ሀ. በመጀመሪያ ይሸታተቱ። እንግዳው የተኛበትን ጭድ ለነባሩ፣ ነባሩ የተኛበትን ጆንያ ለእንግዳው እናቅርብ። ውሻ ሰውን በመልክ ብቻ አያውቅም፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያምነው አፍንጫውን ነው።

ለ. ቀጥሎ በአጥር መካከል ይተያዩ። ሁለቱም ዝም ሲሉ ለሁለቱም ቁራሽ ይወርወርላቸው።

ሐ. ከዚያ ከግቢ ውጭ፣ የማንም ባልሆነ ሜዳ ላይ ይገናኙ። ሁለት ሰዎች እያንዳንዱን በገመድ ይዘው፣ ራቅ ራቅ ብለው፣ ጎን ለጎን ይራመዱ። ፊት ለፊት አያጋጥሟቸው። ቀስ እያሉ ያቀራርቧቸው። ገመዱን ግን አይወጥሩት፤ የተወጠረ ገመድ ውሻን ለጠብ ያነሳሳል።

መ. በስተመጨረሻ አብረው ወደ ግቢ ይግቡ። መጀመሪያ ለጥቂት ጊዜ፣ በኋላም ለረዘም ያለ ጊዜ አብረው ይቆዩ። ሰው በሌለበትና በሌሊት ግን እስኪለማመዱ ድረስ ይለያዩ።

ይህ በሁለት ቀን ላያልቅ ይችላል። ሳምንታት ቢወስድም አይግረመን።

5. ነባሩን አንርሳ

ለእንግዳው ስናዝን ነባሩን የምንበድልበት ጊዜ አለ። በረታችንን ሲጠብቅ የኖረው እሱ ነው። የመኝታ ቦታው አይነጠቅ። ምግቡ አይጓደል። ሁለቱ በአንድ ገል አይብሉ፤ ለየብቻ፣ ተራርቀው ይብሉ። አጥንት በመካከላቸው መወርወር ጠብ መወርወር ነው።

ነባሩ ረጋ ያለ ከሆነ ትልቅ እርዳታ ይሰጠናል። እንግዳው ከአጥሩ ሥር ሆኖ ይመለከታል። ነባሩ ወደ ሰውየው ሄዶ፣ ጅራቱን ቆልቶ፣ አጓቱን ጠጥቶ ሲመለስ ያየዋል። «ይሄ ሰው አይማታም ማለት ነው» የሚል ይመስላል። ፈሪ ውሻ ከሰው ይልቅ ውሻን ያምናል። ነባሩ ቁጡ ከሆነ ግን ፍርሃቱን ያብስበታል።

6. የውሻን ቋንቋ እንወቅ

ውሻ በአፉ አይናገርም፤ በአካሉ ግን ይናገራል። ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ከሸጎጠ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ካስተኛ፣ ዝቅ ካለ፣ ሳይርበው ከንፈሩን ከላሰ ፈርቷል ማለት ነው። አካሉ እንደ እንጨት ደርቆ፣ ዓይኑን ተክሎ ካየ ጠብ ቀርቧል። አካሉን አላልቶ የፊት እግሩን ዘርግቶ ወገቡን ከፍ ካደረገ «እንጫወት» ማለቱ ነው።

ሲያጉረመርም አንምታው። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። ባጉረመረመ ቁጥር የሚመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተውና ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል።

ቢናከሱስ? እጅ ማስገባት የለብንም። ውሃ መድፋት፣ ድስት መምታት፣ ወይም ሰፌድና ጣውላ በመካከላቸው ማስገባት ይሻላል። ከዚያ እንለያቸውና ከመጀመሪያው ደረጃ እንጀምር። ሴት ውሻ ወንድ በምትፈልግበት ወቅት ወንዶቹ ይጣላሉና በዚያን ጊዜ በተለይ እንጠንቀቅ።

7. ልጆችና ንክሻ

ልጆች የሚበላ፣ የተኛ፣ ወይም የታሰረ ውሻ እንዳይነኩ እናስተምራቸው። ፈሪ ውሻ ሲጠጋቸው አይሩጡ፣ አይጩኹ፤ እጃቸውን ሰብስበው ይቁሙ።

ንክሻ ከደረሰ ግን ጊዜ አናጥፋ። ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ እንጠበው። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። በዓለም ላይ በእብድ ውሻ በሽታ ከሚያዙ 100 ሰዎች 99ኙን የሚያሲዛቸው ውሻ ነው። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቀላል። ከምልክቱ በፊት የሚሰጠው ክትባት ግን ያድናል። «መጀመሪያ ሥር እንሞክር» እያሉ መዘግየት ስንት ልጅ አሳጥቷል! የነከሰው ውሻ የማያሰጋ ከሆነ ታስሮ ለ10 ቀን ይጠበቅ፤ የተነከሰው ሰው ግን 10 ቀን አይጠብቅ።

ሌላም ነገር አለ። በግ ወይም ከብት ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ለውሻ አንስጥ። በዚህ ሳቢያ ውሻው ሆድ ውስጥ ትል ይፈጠራል፤ የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ወደ ሰው ይተላለፋል። በጥልቅ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ውሻ ከነካን በኋላም እጃችንን እንታጠብ።

8. አደራው መቼ ያበቃል?

እንግዳው ሰው ባለበት ከበላ፣ ሲጠሩት ከመጣ፣ ከነባሩ ጋር በሰላም ካደረ ለአዲስ ጌታ ሊሰጥ ይችላል። ለሚወስደው ሰው ሁሉን እንንገረው፤ ምን እንደሚፈራ፣ መቼ እንደተከተበ፣ በምን እንደሚጠራ። ደብቀን ብንሰጠው ውሻው ተመልሶ መንገድ ላይ ይወድቃል።

ሁለቱ ጨርሶ ካልተስማሙስ? ይሄም አለ። ውሻ የሌለበት ቤት እንፈልግለት። ነባሩን ማስቸገር፣ ልጆችንም ለአደጋ ማጋለጥ ደግነት አይደለም።

ፈሪን ውሻ በአንድ ቀን ደፋር ማድረግ አይቻልም። ዛሬ አንድ እርምጃ ከቀረበ ነገ ሁለት ይቀርባል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለም?

ጥያቄዎች

1. ፈሪን ውሻ ከበሽተኛ ውሻ በምን እንለየዋለን?
2. የፈራን ውሻ በአጭር ገመድ ማሰር ለምን ጥሩ አይሆንም?
3. ሁለቱን ውሾች በየትኛው ቦታ ማገናኘት ይሻላል? ለምን?
4. ውሻ ሲያጉረመርም ብንመታው ምን ይከተላል?
5. በቀበሌያችሁ ውሻ ሰው ቢነክስ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ? ተወያዩበት።