ሰው ሁሉ አገሩ ሲገባ
(የፈረንጆች ገና በናይሮቢ)

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የልጄን ዓይን ላሳክም የ14 ቀን የመንቀሳቀሻ ፈቃድ አግኝቼ ናይሮቢ ሄጄ ነበር። ልጄ 13 ዓመቷ ነው፤ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ካኩማ ነው፤ ከሎድዋር ወዲያ አይታ አታውቅም። ያረፍነው ኢስሊ፣ ያገር ልጅ ቤት ነው። ሕክምናው ቶሎ ስላለቀ ጥቂት ቀናት ተረፉን። ‹‹ምን ላሳይሽ?›› ስላት ‹‹ባቡር!›› አለችኝ።

እውነቷን ነው። እኔ በልጅነቴ ድሬዳዋ ላይ ባቡር አይቻለሁ። የካምፕ ልጆቻችን ግን ከመጽሐፍ ሥዕል ሌላ የት ያዩታል?

በፈረንጆቹ ገና ዋዜማ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ወዳለው የባቡር ሙዚየም ሄድን። ናይሮቢን የወለዳት ባቡር ነው ማለት ይቻላል። ከሞምባሳ የተነሣው ሐዲድ በ1899 እ.ኤ.አ. ረግረጋማው ሜዳ ላይ ደረሰ፤ የሠራተኞቹ ሠፈር አድጎ ከተማ ሆነ። ስሟም ከማሳይ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ‹‹ቀዝቃዛ ውሃ›› ማለት ነው።

ልጄን በጣም የገረማት አንድ አሮጌ ፉርጎ ነው። በ1900 እ.ኤ.አ. ኪማ በሚባል ጣቢያ አንድ የፖሊስ ሹም ሰው በላ አንበሳ ሊገድል ፉርጎው ውስጥ ሲያደባ እንቅልፍ ወሰደው። አንበሳው ገብቶ በመስኮት ይዞት ወጣ። ልጄ ይህን ሰምታ ፉርጎው አጠገብ መቆም እንኳ ፈራች።

በማግስቱ፣ የበዓሉ ዕለት፣ አዲስ ልብሷን ለብሳ ሕዝቡን ልናይ ወጣን። ትናንት ሰው ከሰው የሚጋፋበት ኬንያታ ጎዳና ጭር ብሏል። ሱቁ ዝግ፣ ማታቱው ጥቂት። ‹‹አባዬ፣ በዓል አይደል እንዴ? ሰው የት ሄደ?›› አለችኝ። ብዙ ኬንያውያን ለገና ወላጆቻቸው አገር እንደሚገቡ፣ ያንንም ‹‹ኡሻጎ›› እንደሚሉት ነገርኳት።

ትንሽ ዝም አለችና ‹‹እኛስ መቼ ነው አገራችን የምንገባው?›› አለች። እኔ ያደግኩበትን አገር የጠየቀችኝ መስሎኝ መልስ ጠፋኝ። ‹‹ለገናችን እንድረስ እንጂ፤ እማዬ ትጠብቀናለች›› ስትል ነው ካኩማን ማለቷ የገባኝ። ልደሰት ወይስ ልዘን፣ እስካሁን አላውቅም።

መመለሻው ግን ፈተና ነበር። በገና ሰሞን የአውቶቡስ ዋጋ ይንራል፣ ቦታም አይገኝም። ቲኬት ቀደም ብዬ ባለመቁረጤ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ካኩማ የገባነው ፈቃዳችን በሚያልቅበት ዕለት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሰዓት ስቆጥር እንቅልፍ የሚባል አላየሁም።

ስለዚህ ፈቃድ ለምታገኙ ሁሉ ምክሬ ይህ ነው፦ ናይሮቢ እንደገባችሁ የመመለሻ ቲኬት ቁረጡ። የፈቃዱን ዋናውን ወረቀት ከእጃችሁ አትለዩ፤ ፎቶ ኮፒም ያዙ። ኤልዶሬት ላይ ሌሊቱ ብርድ ነውና ጋቢ አትርሱ። ከተቻለ ደግሞ ልጅ ይዛችሁ ሂዱ፤ ያየ ልጅ ላላየው ይነግራል። ትምህርት ሲከፈት ስለ ባቡር ለክፍሏ ልጆች ያስተማረችው እሷ ናት፤ እኔ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ።

ለመጪው ገና በሰላም ያድርሰን።