በኮምፒዩተር ሒሳብ ውስጥ ስለ እኩልነት

ሒሳብ የማያዳላ ዳኛ ነው ሲባል እየሰማን አድገናል። አንድና አንድ ሁለት ነው፤ ይህም በነፋስ መውጫም ሆነ በወገዳ፤ በአርብ ገበያም ሆነ በመካነ ኢየሱስ አይለወጥም። ነገር ግን ኮምፒዩተር መማር ከጀመርን ወዲህ ብዙ ጓደኞቼን ግራ ያጋባ አንድ ነገር አለ። ኮምፒዩተሩን «0.1 ሲደመር 0.2 ከ0.3 ጋር እኩል ነውን?» ብለን ብንጠይቀው «አይደለም» ብሎ ይመልሳል። ድምሩን ያሳየን ዘንድ ብናዘው 0.30000000000000004 ብሎ ይጽፋል። ይህን አይተው መሣሪያው ተበላሽቷል ያሉ አሉ። እኔም ነገሩን መምህራንን ጠይቄ፤ መጻሕፍትም ተመልክቼ የተረዳሁትን ለመጽሔታችን አንባብያን ለማካፈል ይህን ጽሑፍ አዘጋጀሁ።

በመጀመሪያ ችግሩ የኮምፒዩተር ብቻ አለመሆኑን እናስተውል። አንድን ለሦስት ብናካፍል 0.3333 እያልን እስከ ማታ ብንጽፍ አይፈጸምም። ከአንድ ቦታ ላይ ማቋረጥ ግድ ነው፤ ባቋረጥንበትም ቦታ ጥቂት ይጎድላል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ግን አንዱን ዕለት በ60 ኬክሮስ ስለሚከፍሉት የዕለት ሢሶ ለእነርሱ 20 ኬክሮስ ነው፤ ምንም አይተርፍም፤ ምንም አይጎድልም። እንግዲህ አንድ ክፍልፋይ በልኩ መጻፉና አለመጻፉ የሚወሰነው በምንቆጥርበት መሠረት ነው ማለት ነው።

ኮምፒዩተር የሚቆጥረው በሁለትዮሽ፤ ማለት በ0 እና በ1 ብቻ ነው። ግማሽን፤ ሩብን፤ የሩብ ግማሽን ያለ ጉድለት ይጽፋል። አንድ አሥረኛ ግን ለእርሱ እንደ ሢሶ ለእኛ ነው፤ አኃዞቹ እየተደጋገሙ ይሄዳሉ እንጂ አያልቁም። እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው ቁጥር 754 በተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ብዙ ጊዜ የምንጠቀምበት የተንሳፋፊ ነጥብ ቁጥር 53 የሁለትዮሽ አኃዞችን ብቻ ይይዛል። ተንሳፋፊ የተባለውም ነጥቡ እንደ ቁጥሩ ትልቅነትና ትንሽነት ቦታውን ስለሚለውጥ ነው። ከ53ቱ የተረፈው ይጠጋጋል። ስለዚህ ባለ ሱቁ 0.1 ኪሎ ቡና አሥር ጊዜ መዝኖ ቢሸጥና ኮምፒዩተሩ ቢደምርለት የሚያገኘው 1 ሳይሆን 0.9999999999999999 ነው። ፕሮግራሙ «ድምሩ ልክ 1 ሲሆን አቁም» የሚል ቢሆን ሳያቆም ያልፋል።

ጉድለቱ ትንሽ ነውና ምን ይጎዳል የሚል ሰው ቢኖር እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 25 ቀን 1991 በሳዑዲ ዓረቢያ በደሕራን የደረሰውን ይስማ። ፓትሪዮት የተባለው የመከላከያ መሣሪያ ጊዜን የሚቆጥረው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ሲሆን፤ ያችን አንድ አሥረኛ የያዘው በ24 የሁለትዮሽ አኃዞች ቈርጦ ነበር። መሣሪያው 100 ሰዓት ያህል ሳይጠፋ በመሥራቱ ጥቃቅኑ ጉድለት ተጠራቅሞ የሰከንድ አንድ ሦስተኛ ደረሰ። በዚያች ቅጽበት የመጣው ሚሳይል ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛልና መሣሪያው ሳተው፤ 28 ወታደሮችም ሞቱ።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? ሁለት ቁጥሮች «ልክ እኩል ናቸውን?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «ልዩነታቸው ከተፈቀደው መጠን ያነሰ ነውን?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይኸውም አንዱን ከሌላው ቀንሶ፤ የመቀነስ ምልክቱን ትቶ፤ የቀረውን አስቀድሞ ከተወሰነ ትንሽ ቁጥር ጋር ማወዳደር ነው። ያም ትንሽ ቁጥር በሒሳብ ሰዎች ዘንድ ኤፕሲሎን ይባላል።

የተፈቀደው ልዩነት ምን ያህል ይሁን የሚለው ግን ዋናው ጥያቄ ነው። በመሬት ምሳሌ ልግለጸው። ሁለት ልኬቶች በ4 ካሬ ሜትር ተለያዩ እንበል። ቦታው 2,500 ካሬ ሜትር፤ ማለት አንድ ጥማድ ያህል ማሳ ከሆነ፤ ልዩነቱ ከመቶ 0.16 እጅ ብቻ ነው። ቦታው 200 ካሬ ሜትር የቤት መሥሪያ ከሆነ ግን ያው 4 ካሬ ሜትር ከመቶ 2 እጅ ይሆናል። ስለዚህ የተፈቀደው ልዩነት ከሚነጻጸሩት ቁጥሮች ከትልቁ ጋር ተመዛዝኖ ቢወሰን ይሻላል። ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለዚሁ ተግባር የተዘጋጀ ትእዛዝ አለ፤ ሌላ ልክ ካልሰጡት የሚፈቅደው ልዩነት ከቢሊዮን አንድ እጅ ነው። ሆኖም አንደኛው ቁጥር ዜሮ ሲሆን ይህ ዘዴ አይሠራም፤ የትልቁ ቁጥር ቢሊዮንኛ ከራሱ ከትልቁ ቁጥር ስለሚያንስ ማንም ቁጥር ለዜሮ «ቅርብ» ሊባል አይችልምና። በዚያን ጊዜ ቁርጥ ያለ ትንሽ መጠን መጨመር ያስፈልጋል።

ይህ ነገር ለወላጆቻችንም ሩቅ አይደለም። በክልላችን የገጠር መሬት ሲመዘገብ በመጀመሪያው ጊዜ ብዙው ማሳ በገመድና በመሳሰለው ተለካ፤ በኋላ ደግሞ በካርታና በሳተላይት መሣሪያ መለካት መጣ። ሁለቱ ልኬቶች እስከ መጨረሻው አኃዝ ሊገጥሙ አይችሉም። ልክ ካልገጠሙ ስሕተት ነው የሚል ፕሮግራም ቢጻፍ ሰላም ያለውን ማሳ ሁሉ የክርክር ማሳ ያደርገዋል። የተፈቀደው ልዩነት ከመጠን በላይ ቢሰፋ ደግሞ የተገፋ ድንበር ይሸሸግበታል። ጠባብነቱም ስፋቱም ሰውን ይጎዳል።

ከሁሉም ይልቅ መጠንቀቅ የሚገባው ለዚህ ነው። በእውነተኛው እኩልነት አንደኛው ከሁለተኛው፤ ሁለተኛውም ከሦስተኛው ጋር እኩል ከሆነ አንደኛውና ሦስተኛው እኩል ናቸው። «በተቃረበ እኩልነት» ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ጎረቤት በየዓመቱ 10 ሳንቲ ሜትር ድንበር እየገፋ ቢያርስና ሹሙ 20 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ቢፈቅድ፤ የዘንድሮው ከአምናው ጋር ሲነጻጸር ሁልጊዜ «እኩል ነው» ይባላል። በ20 ዓመት ግን 2 ሜትር ሄዷል፤ ርዝመቱ 50 ሜትር በሆነ ድንበር ላይ 100 ካሬ ሜትር መሬት ማለት ነው። ስለዚህ ማነጻጸር የሚገባው ከአምናው ጋር ሳይሆን ከመጀመሪያው የድንበር ድንጋይ ጋር ነው። በፕሮግራምም እንዲሁ ነው።

ደግሞም ሁሉን ነገር በመቃረብ መመዘን አይገባም። በሙሉ ቁጥር ሊሠራ የሚችለውን በሙሉ ቁጥር መሥራት ነው፤ ገንዘብን በብር ክፍልፋይ ከመያዝ በሳንቲም መቁጠር ይሻላል። አባቶቻችንም በባሕረ ሐሳብ ይህን ያውቁ ነበር። ለ2018 ዓ.ም. 5,500 ተጨምሮ 7,518 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንዱን ስለ ዘመን ሲተዉ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፤ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይመጣሉ። በዚህ ላይ ሃያ ዘጠኝ ከምናምን ቢመጣ «ቀርቧል» ተብሎ አይታለፍም፤ ሒሳቡ ተሳስቷል ማለት ነው።

እንግዲህ የትምህርት ጓደኞቼ፤ ፕሮግራም በምንጽፍበት ጊዜ ሦስት ነገር እንጠይቅ። የያዝነው ቁጥር የሚቆጠር ነው ወይስ የሚለካ? የሚለካ ከሆነ ምን ያህል ልዩነት ይፈቀድለታል? ይህስ ልዩነት ቢሰፋ ማን ይጎዳል፤ ቢጠብስ ማን ይጎዳል? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሒሳብና ሙያ ይመልሱልናል። ሦስተኛውን ግን ኮምፒዩተሩ አያውቀውምና ልኩን የሚቆርጠው ሰው ራሱ ሊያስብበት ይገባዋል።