ያልተመለሰው አብራሪ

ከአስር ሰላት በኋላ ቸርችል ጎዳና መልኩ ይለወጣል። ከላይ ከማዘጋጃ ቤት እስከ ታች ለገሃር በተዘረጋው ቁልቁለት፣ ከሥራ የወጣው ሁሉ መግሪብ ሳይደርስበት ቤቱ ለመግባት ይጣደፋል። አንዱ ተምር በፌስታል አንጠልጥሏል፤ ሌላው ትኩስ ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልሏል። ሽቅብ ወደ ፒያሳው ኑር መስጊድ የሚወጣውም ጥቂት አይደለም። በዚህ ጥድፊያ መካከል፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አቅራቢያ የቆመውን፣ ጫፉ ላይ ቀይ ኮከብ ያለበትን ረጅም ሐውልት ቀና ብሎ የሚያይ አይበዛም።

ትግላችን ሐውልት 50 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ከሰሜን ኮሪያ በተገኘ ድጋፍ ተሠርቶ የተመረቀው በ1977 ዓ.ም. መባቻ፣ በአብዮቱ 10ኛ ዓመት ነው። በኦጋዴን ጦርነት ለወደቁ የኢትዮጵያና የኩባ ወታደሮች መታሰቢያ ሲሆን፣ የኩባውያኑ ሟቾች ፎቶግራፎች በግቢው ውስጥ ይታያሉ። ፎቶው እዚያ የተሰቀለለት ሰው ቢያንስ መሞቱ ታውቋል፤ ቤተሰቡም መርዶውን ሰምቶ አልቅሷል። በዚያ ጦርነት ከተዋጉት የአየር ኃይል አብራሪዎች መካከል ግን “አለ” ተብሎ ያልተበሰረለት፣ “ሞተ” ተብሎም መርዶው ያልተነገረለት ሰው አለ። እርሳቸው ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ናቸው።

ጦርነት በረመዳን

የሶማሊያ ጦር በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ድንበር ጥሶ ገባ። የ1397 ዓመተ ሒጅራ ረመዳን የጀመረው በተከታዩ ነሐሴ፣ ጦርነቱ ድሬዳዋ ደጃፍ በደረሰበት ሰሞን ነበር። ጾሙ በገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሶማሊያ ጦር በታንክና በመድፍ ታጅቦ ከተማዋን ለመያዝ ሞከረ፤ አልተሳካለትም። ጾሙ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ፣ በ1970 ዓ.ም. መስከረም መጀመሪያ፣ ጅጅጋ ተያዘች። ድሬዳዋና ሐረር ብዙ ሙስሊም የሚኖርባቸው ከተሞች ናቸው። የሚተኩሰው ጾመኛ ነበር፤ የሚተኮስበትም ጾመኛ ነበር።

በዚያ ወቅት የኢትዮጵያ አየር ኃይል የሚመካው ከአሜሪካ ባገኛቸው፣ ቁጥራቸው ጥቂት በሆነ ኤፍ-5 ተዋጊ አውሮፕላኖች ነበር። ሶማሊያ ደግሞ ሶቪየት ሠራሽ ሚጎች ነበሯት። ለገሠ ተፈራና ባጫ ሁንዴን የመሳሰሉ አብራሪዎች ሚጎቹን አየር ላይ ገጥመው ጣሉ። ሰማዩ በኢትዮጵያ እጅ መቆየቱ ምድር ላይ ላለው ጦር እፎይታ ሰጠ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ስትመለስና የካራማራ ድል ሲገኝ የአብራሪዎቹ ድርሻ ቀላል አልነበረም።

ድሉ ግን ዋጋ አስከፍሏል። ለገሠ ተፈራ አውሮፕላናቸው ተመትቶ በሶማሊያ እጅ ወደቁ። በምርኮ የቆዩት 11 ዓመት ያህል ነው። በ1980 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ተስማምተው ምርኮኞች ሲለዋወጡ በሺህዎች ከሚቆጠሩ ወገኖቻቸው ጋር ወደ አገራቸው ገቡ። ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳይ ተሸልመዋል፤ የጄኔራልነት ማዕረግም ደርሰዋል። ሲሄዱ በክንድ የታቀፈ ሕፃን ሲመለሱ ጎረምሳ ሆኖ የሚቆይበት ዘመን ነው። ያም ሆኖ ተመልሰዋል።

ሁለት ጊዜ የተማረኩት

የኮሎኔል በዛብህ ታሪክ ግን የተለየ ነው። ከኦጋዴኑ ጦርነት በኋላ በሰሜኑ ጦርነት ተሰለፉ። አውሮፕላናቸው ተመትቶ በሻዕቢያ እጅ ወደቁ፤ ዓመታትን በምርኮ አሳልፈው ተለቀቁ። ከዚያ በኋላ መብረር ይብቃኝ ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል? እርሳቸው ግን ወደ አየር ኃይሉ ተመለሱ።

የኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት በ1990 ዓ.ም. ተቀሰቀሰ። ግንቦት 28 ቀን የኤርትራ አውሮፕላኖች መቀሌን ደበደቡ፤ በአይደር ትምህርት ቤት ሕፃናት አለቁ። በእነዚያው ቀናት የኢትዮጵያ አየር ኃይል የአስመራን አውሮፕላን ማረፊያ ደበደበ። ኮሎኔል በዛብህ የሚያበሩት ሚግ-23 አስመራ ላይ ተመታ፤ እርሳቸውም በሕይወት ለሁለተኛ ጊዜ ተማረኩ። መማረካቸውን ዓለም አየ። ከዚያ ወዲህ ግን ድምፃቸው ጠፋ።

የአልጀርስ ስምምነት በ2000 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ላይ ተፈረመ። በ2002 እ.ኤ.አ. የጦር ምርኮኞች ተለቅቀው ሲያበቁ ኮሎኔሉ ከተመላሾቹ መካከል አልነበሩም። በ2010 ዓ.ም. ሁለቱ አገሮች እርቅ ሲያወርዱ፣ ስልክ ሲከፈትና አውሮፕላን መመላለስ ሲጀምር፣ የብዙ ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያ ጥያቄ “በዛብህስ?” የሚል ነበር። መልስ አልመጣም።

ምርኮኛ በእስልምና

ረመዳን የምርኮኛ ጉዳይም የሚታወስበት ወር ነው። የበድር ዘመቻ የተካሄደው በሁለተኛው ዓመተ ሒጅራ፣ ረመዳን 17 ቀን ነው። ከዚያ ውጊያ 70 ያህል ሰዎች ተማርከዋል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ምርኮኞቹ በመልካም እንዲያዙ አዘዙ። ሶሐቦቹ ዳቦውን ለምርኮኛ ሰጥተው ራሳቸው በተምር ይብቃቁ እንደነበር ተዘግቧል። መጻፍ የሚችል ምርኮኛም አሥር ልጆችን አስተምሮ ነፃ ይወጣ ነበር። ሱረቱል ኢንሳንም ምግብን እየወደዱት ለድሃ፣ ለየቲምና ለምርኮኛ የሚያበሉትን ያወድሳል። የዚያ ዘመን ምርኮኛ እምነቱ ሌላ የሆነ ጠላት ነበር፤ ይህም የእዝነቱን ስፋት ያሳያል።

የዘመናችን ሕግም ከዚህ አይርቅም። በ1949 እ.ኤ.አ. የወጣው የጄኔቫ ስምምነት ምርኮኛ ወደ ምርኮኞች ካምፕ ከገባ ቢዘገይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለቤተሰቡ ካርድ እንዲጽፍ ይፈቅዳል። ኤርትራ ስምምነቱን የተቀበለችው በነሐሴ 2000 እ.ኤ.አ. ነበር። እስከዚያ ድረስ ቀይ መስቀል ኢትዮጵያውያን ምርኮኞችን እንዳይጎበኝ መከልከሏን፣ በሄግ የተቀመጠው የካሳ ኮሚሽን በ2003 እ.ኤ.አ. ጥፋት ነው ብሎ ወስኗል። አንዲት ካርድ ትንሽ ነገር ትመስላለች። ለሚጠብቅ ቤተሰብ ግን ከሜዳይ ትበልጣለች።

መርዶ የሌለው ሐዘን

ነቢዩ የሐበሻው ንጉሥ አል-ነጃሺ ማረፉን በሰሙ ጊዜ፣ አስከሬኑ በሌለበት ሰላተል ጃናዛ ሰግደውለታል። በሩቅ ለሞተ ሰው የሚሰገደው ሰላት መሠረቱ ይኸው ለአገራችን ንጉሥ የተሰገደው ነው። ይህ ሰላት ግን የሞት ዜና ሲረጋገጥ የሚሰገድ ነው። የጠፋ ሰው ቤተሰብ ይህን ሰግዶ መጽናናት አይችልም፤ በሕይወት አለ ብሎ መደሰትም አይሆንለትም።

የፊቅህ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ሰው “መፍቁድ” ይሉታል። ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) ባሏ የጠፋባት ሴት አራት ዓመት ጠብቃ፣ ከዚያም አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ ቆጥራ ማግባት እንደምትችል መወሰናቸው ተዘግቧል። በውርሱ ላይ መዝሀቦች ይለያያሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ለሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማን ሰው መጥፋት ፍርድ ቤት እንዲያውጅ መጠየቅን ይፈቅዳል። ሃይማኖቱም ሕጉም ለሚጠብቁት ሰዎች መውጫ በር አበጅተዋል። ልብ ግን በቀን መቁጠሪያ አይመራም። በር በተንኳኳ ቁጥር ልቧ የሚደነግጥ እናት ዒዳ የላትም።

ዛሬም በየሰፈራችን፣ ከግንባርም ሆነ ከስደት መንገድ ወሬው የጠፋ ልጅ ያለው ቤት አለ። በኢፍጣር ሰዓት ለእንዲህ ያለው ጎረቤት ሾርባ መላክ ትልቅ ነገር ነው። “ተስፋ ቁረጡ” ወይም “ይመጣል” ብሎ መፍረዱን ትቶ አብሮ ዱዓ ማድረግ ይሻላል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተለያዩ ቤተሰቦችን የማፈላለግ አገልግሎት እንዳለው መንገርም ሰደቃ ነው።

ከልጆችዎ ጋር በቸርችል ጎዳና ሲያልፉ “ያ ሐውልት ምንድን ነው?” ብለው ከጠየቁ፣ ስለ ድሉ ይንገሯቸው። የተመለሱትን ጄኔራል፣ ያልተመለሱትን ኮሎኔልም ይጥቀሱላቸው። ከዚያ አዛን ሳይቀድምዎ ወደ ቤት ይግቡ። የጾመኛ ዱዓ አይመለስም ይባላልና፣ ጾሙን ሲፈቱ የራቀውን የሚጠብቁትን ሁሉ አይርሱ።