ግማሽ በመቶ መጭመቅ

የአንድን ቁስ ጠባይ ለመለወጥ ሁልጊዜ ሌላ ንጥረ ነገር መቀላቀል አያስፈልግም። አንዳንዴ መጫን ይበቃል።

ስትሮንሺየም ሩቴኔት በስስ ንጣፎች የተደራረበ ኦክሳይድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ጃፓናዊው ዮሺቴሩ ማኤኖና ባልደረቦቹ ሱፐርኮንዳክተር መሆኑን አሳዩ፤ ማለትም በጣም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ተቃውሞ ያሳልፋል። ንጹሕ ከሆነ ይህ የሚጀምረው 1.5 ኬልቪን አካባቢ ነው።

ታዲያ ቀጭን የክሪስታል ዘንግ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲጨመቅና ርዝመቱ በግማሽ በመቶ ገደማ ሲያጥር፣ ያ ሙቀት ወደ 3.5 ኬልቪን ይወጣል። ከእጥፍ በላይ! አቶሞቹ በአንድ በኩል ሲቀራረቡ የኤሌክትሮኖቹ የጉልበት እርከኖች ይሸጋሸጋሉ፤ ልክ በዚያ ጭመቃ ላይ ብዙ እርከኖች ለኤሌክትሮኖቹ ወሳኝ በሆነው የጉልበት መጠን ዙሪያ ይከማቻሉ።

ከዚያ አልፎ ሲጫንስ? ሱፐርኮንዳክተርነቱ ይደክማል፤ ሙዮን በሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች የተደረጉ ልኬቶች እንዳሳዩት ማግኔታዊ ሥርዓት ብቅ ይላል። እኔን የሚገርመኝ ይህ ሁሉ በመጫን ብቻ መገኘቱ ነው። ንጥረ ነገር በመጨመር ቢሆን ለእያንዳንዱ ደረጃ አዲስ ናሙና መሥራት፣ ከነጉድለቱም መቀበል ግድ ነበር። እዚህ ግን ያው አንድ ክሪስታል ነው፤ ጭነቱ ሲነሳለት፣ ካልተሰበረ፣ ወደ ነበረበት ይመለሳል።