አራተኛው ምዝገባ ያዋጣል ወይ?

የፋይናንስ ሙያ ፈተና ውጤት በሚለቀቅበት ሰሞን በየባንኩና በየኦዲት ድርጅቱ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይታያሉ። አንደኞቹ ውጤታቸውን ለባልደረባ ያሳያሉ፣ ቡና ይጋብዛሉ። ሌሎቹ ደግሞ ስለ ፈተናው ሲጠየቁ ወሬ ይቀይራሉ። ከነዚህ ከኋለኞቹ መካከል አንዱን ፈተና ሦስት ጊዜ ተቀምጠው ሦስቱንም ጊዜ የወደቁ አይጠፉም። ቀጣዩ ምዝገባ ሲከፈት ለነሱ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ እንደገና መክፈል ወይስ መተው?

ጥያቄው የግል ቢመስልም በመሠረቱ የኢንቨስትመንት ጥያቄ ነው። ገንዘብና ጊዜ ይወጣበታል፤ ማለፉ እርግጠኛ አይደለም፤ ቢሳካም የሚያስገኘው ጥቅም ከሰው ሰው ይለያያል። ይሁን እንጂ ለአንድ ሱቅ ኪራይ ወይም ለጥቂት አክሲዮን ቁጭ ብሎ ሂሳብ የሚሠራ ሰው፣ ለአራተኛ ጊዜ ለፈተና ሲመዘገብ ወረቀትና እርሳስ ሲያነሳ አይታይም።

ፍላጎቱ ከየት መጣ?

እንደሚታወቀው የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ በኋላ የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ተቋቁሟል። ባንኮች፣ ኢንሹራንስ ኩባንያዎችና ሌሎች ትላልቅ ድርጅቶችም ሂሳባቸውን በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎች መሠረት እንዲያዘጋጁ ተደርጓል። ይህ ለውጥ እ.ኤ.አ. በ1904 በለንደን የተመሠረተው የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር የሚሰጠውን፣ በምህጻር ኤሲሲኤ የሚባለውን ማዕረግ በአገር ውስጥ ተፈላጊ አድርጎታል።

በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን መቋቋሙ፣ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. መከፈቱ ደግሞ ለሌላው ማዕረግ ማለትም ለሲኤፍኤ ትኩረት ጨምሯል። ሲኤፍኤ የኢንቨስትመንት ተንታኞችና የሀብት አስተዳዳሪዎች ማዕረግ ነው።

ሁለቱም ፈተናዎች ቀላል አይደሉም። ኤሲሲኤ በሦስት ደረጃ የተከፈሉ 13 ፈተናዎች ያሉት ሲሆን ማለፊያው ከመቶ 50 ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ንግድና ቴክኖሎጂ በሚባለው ፈተና ከ100 ተፈታኞች ከ80 በላይ ሲያልፉ፣ በመጨረሻው ደረጃ የከፍተኛ ኦዲት ፈተና የሚያልፉት ከግማሽ በታች ናቸው። ሲኤፍኤ ሦስት ደረጃዎች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1963 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የተቀመጡት 284 ሰዎች ሲሆኑ ከመካከላቸው 268ቱ አልፈዋል። ያ ዘመን ግን አልፏል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 በተሰጠው የደረጃ አንድ ፈተና ያለፉት ከመቶ 44 ሲሆኑ፣ በሐምሌ 2021 ደግሞ 22 ብቻ ነበሩ። እንግዲህ በእነዚህ ፈተናዎች መውደቅ የብዙኃኑ ዕጣ እንጂ የጥቂት ሰነፎች ውርደት አይደለም።

የአንድ ሙከራ ዋጋ

ክፍያው የሚተመነው በውጭ ምንዛሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ለሲኤፍኤ ደረጃ አንድ አስቀድሞ የሚመዘገብ ሰው 990 ዶላር፣ ዘግይቶ የሚመዘገብ 1,290 ዶላር ይከፍል ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በመሆኑም 990 ዶላር በ57 ብር ሂሳብ 56,430 ብር የነበረው፣ በ100 ብር ሂሳብ 99,000 ብር ሆኗል ማለት ነው። የኤሲሲኤ ክፍያም በፓውንድ የሚተመን ስለሆነ ከዚሁ ጫና አላመለጠም።

ከገንዘቡ የሚብሰው ጊዜው ነው። ለአንድ የሲኤፍኤ ደረጃ ለዝግጅት የሚመከረው 300 ሰዓት ያህል ነው። ከሥራ መልስ በየቀኑ ሁለት ሰዓት የሚያጠና ሰው አንድም ቀን ሳያጓድል አምስት ወር ይፈጅበታል ማለት ነው። ልጅ ያለው፣ ቅዳሜ የሚሠራ፣ ለቅሶና ሠርግ የማይቀርበት ሰው ደግሞ ከዚህም በላይ ይፈጅበታል። ሦስት ጊዜ የወደቀ ሰው እንግዲህ ወደ 900 ሰዓት አውጥቷል።

የፈሰሰ ውሃ

ብዙዎች ለአራተኛ ጊዜ የሚመዘገቡት «ይህን ሁሉ ከፍዬ፣ ይህን ሁሉ ለፍቼ እንዴት አሁን እተወዋለሁ?» በማለት ነው። ነጋዴ ይህን ንግግር ያውቀዋል። ዋጋው የወረደ ዕቃ በመጋዘን ይዞ «የገዛሁበትን ካላገኘሁ አልሸጥም» የሚል ሰው ንግግር ነው። ገበያው ግን በስንት እንደተገዛ አይጠይቅም። የፈተና አራሚም ተፈታኙ ለስንተኛ ጊዜ እንደተቀመጠ አያይም።

ይህ የሰው ልጅ ጠባይ በጥናት የታየ ነው። ሃል አርክስና ካትሪን ብሉመር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት፣ የቲያትር ዓመታዊ ትኬት ከሚገዙ ሰዎች ለከፊሎቹ በዘፈቀደ ቅናሽ እንዲደረግ አድርገው ነበር። በወቅቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ሙሉ ዋጋ የከፈሉት ቅናሽ ካገኙት ይልቅ አዘውትረው ቲያትር ገብተዋል። ቲያትሩ ያው ነው፤ ልዩነቱ ያወጡትን ገንዘብ ላለማባከን መፈለጋቸው ነበር።

የወጣው 900 ሰዓት እንግዲህ በሁለቱም በኩል የለም፤ ቢቀጥልም ቢያቆምም አይመለስም። ከሂሳቡ መውጣት አለበት። በሂሳቡ ውስጥ የሚቀረው ቀጣዩ ክፍያ፣ ቀጣዩ 300 ሰዓት፣ የማለፍ ዕድሉና ከማለፍ በኋላ የሚገኘው ጥቅም ነው። እርግጥ ከጥናቱ የቀረ ዕውቀት ካለ ዋጋ አለው፤ ግን ዋጋው የሚታየው የሚቀጥለውን ዝግጅት በማሳጠሩ ነው።

ሦስት ውድቀት ምን ይናገራል?

እዚህ ላይ ሁለት የተሳሳቱ ግምቶች ይሰማሉ። አንደኛው «ሦስቴ ወድቄያለሁ፣ አሁን ተራዬ ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው «ሦስቴ ከወደቅሁ አልችልም ማለት ነው» የሚል ነው። ሁለቱንም በቁጥር መመርመር ይቻላል።

ማንኛውም ተፈታኝ በእያንዳንዱ ሙከራ የማለፍ ዕድሉ ከመቶ 40 ነው እንበል። ከ100 ተፈታኞች ሦስት ጊዜ በተከታታይ የሚወድቁት 22 ያህል ይሆናሉ። ስለሆነም ሦስት ውድቀት ብቻውን ያለመቻል ማስረጃ አይሆንም።

ነገር ግን ተፈታኞች አንድ ዓይነት አይደሉም። ከ100ዎቹ 50ዎቹ በሚገባ የሚዘጋጁና ዕድላቸው 60 በመቶ፣ ሌሎቹ 50 ዝግጅታቸው የላላና ዕድላቸው 20 በመቶ ነው እንበል። የሁሉም አማካይ እዚህም 40 በመቶ ነው። ከሦስት ሙከራ በኋላ ከጎበዞቹ ያላለፉት 3 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ ከሌሎቹ ግን 26 ያህሉ ይቀራሉ። ለአራተኛ ጊዜ ከሚቀመጡት 29 ሰዎች የማለፍ አማካይ ዕድላቸው ወደ 24 በመቶ ይወርዳል። በማስታወቂያ የሚወጣው አጠቃላይ የማለፍ መጠን ለእነሱ አይሠራም።

በሲኤፍኤ ደግሞ ለአንድ ደረጃ የሚፈቀደው ስድስት ሙከራ፣ በአንድ ዓመትም ከሁለት ያልበለጠ ነው። በዚሁ ምሳሌ መሠረት በቀሩት ሦስት ሙከራዎች አንዱን የማለፍ ዕድል ግማሽ ገደማ ነው። ለዚያ ግማሽ ዕድል እስከ 900 ተጨማሪ ሰዓትና የሦስት ምዝገባ ክፍያ ይጠየቃል። ያውም ለአንዱ ደረጃ ብቻ።

ይህ ስሌት የሚለወጠው ተፈታኙ ከላላው ወገን ወደ በሚገባ የተዘጋጀው ወገን ሲሻገር ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ስንት ጊዜ ተወደቀ የሚለው ሳይሆን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ምን የተለየ ነገር ይደረጋል የሚለው ነው።

ለዚህ መልሱ በእጅ ካለው የውጤት ወረቀት ይጀምራል። በኤሲሲኤ 31፣ 39፣ 46 ያመጣ ሰውና 44፣ 45፣ 43 ያመጣ ሰው ሁለቱም ሦስቴ ወድቀዋል። የመጀመሪያው ወደ 50 እየቀረበ ነው። ሁለተኛው ለማለፊያው የቀረበ ቢመስልም ካለበት አልተንቀሳቀሰም፤ በያዘው መንገድ ቢቀጥል አራተኛው ውጤትም ከዚያው አካባቢ እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። የሲኤፍኤ ውጤትም በየትምህርት ዘርፉ ተከፋፍሎ ስለሚመጣ ድክመቱ በአንድ ቦታ የተከማቸ ይሁን ወይስ የተበተነ ማየት ይቻላል። በአንድ ቦታ የተከማቸ ድክመት ይጠገናል። በሁሉም ዘርፍ የተበተነ ከሆነ ችግሩ ብዙ ጊዜ የሰዓት ማነስ ነው። በእርግጥ 300 ሰዓት ተጠንቶ ነበር ወይስ 120? ያለፉ ጥያቄዎች በሰዓት ተገድበው ተሠርተዋል ወይስ መጽሐፍ ብቻ ተነቧል? ለእነዚህ ሐቀኛ መልስ ያለው ሰው የውሳኔውን ግማሽ ጨርሷል።

ወረቀቱ ለማን?

የቀረው ግማሽ የጥቅሙ ጉዳይ ነው። ማዕረጉ ለሁሉም እኩል ዋጋ የለውም። በኦዲት ሙያ ላይ ለሚኖር ሰው የባለሙያ ማዕረግ የሙያው በር ነው፤ ያለሱ ሪፖርት ላይ መፈረም አይታሰብም። በባንክ የፋይናንስ ክፍል ለሚሠራ ሰው የዕድገት መሰላል ነው፤ ሆኖም ያለሱም የወጡ አሉ። የራሱን ገንዘብ ይዞ አክሲዮን ለሚገዛና ለሚሸጥ ሰው ግን ከዕውቀቱ በቀር ማዕረጉ ራሱ የሚጨምርለት ነገር ጥቂት ነው። ዕውቀቱን ደግሞ ያለ ፈተናም ማግኘት ይቻላል። ባልደረባው ስለተመዘገበ ብቻ የተመዘገበ ሰው ካለ «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» የተባለው ለሱ ነው።

አንድ ቀላል መፈተኛ አለ። ተፈታኙ እስከ ዛሬ አንድም ጊዜ ተፈትኖ ባያውቅ ኖሮ፣ ዛሬ የሚያውቀውን ዋጋና ዕድል ይዞ ይመዘገብ ነበር? መልሱ አዎ ከሆነ ሦስቱ ውድቀቶች ሊያስቆሙት አይገባም። አይደለም ከሆነ የሚያስቀጥለው ያለፈው ወጪ ወይም የሰው ዓይን ነው።

በመቀጠልና በመተው መካከል

ምርጫው ሁለት ብቻ ነው ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። በኤሲሲኤ ሁለቱን የመጀመሪያ ደረጃዎች የጨረሰ ሰው ማኅበሩ የሚሰጠውን ከፍተኛ ዲፕሎማ ያገኛል፤ ባዶ እጁን አይመለስም። በመጨረሻው ደረጃ ከአራት አማራጭ ፈተናዎች ሁለቱ ብቻ ስለሚጠየቁ፣ ደጋግሞ የጣለውን አማራጭ በሌላ መተካት ይቻላል። ሥራው የሚጠይቀው ዓለም አቀፉን የሪፖርት ደረጃ ማወቅ ብቻ ለሆነ ሰው ደግሞ ያው ማኅበር የሚሰጠው የዓለም አቀፍ ፋይናንስ ሪፖርት ዲፕሎማ አለ፤ ፈተናው አንድ ብቻ ነው፣ በዓመት ሁለት ጊዜ በሰኔና በታኅሣሥ ይሰጣል።

ማረፍም ይቻላል፤ ግን ሰዓቱን እያዩ ነው። በኤሲሲኤ የሁለቱ የመጀመሪያ ደረጃዎች ውጤት ጊዜ አያልፍበትም። የመጨረሻው ደረጃ ግን የመጀመሪያው ፈተና ከታለፈበት ጊዜ አንስቶ በሰባት ዓመት ውስጥ ማለቅ ስላለበት፣ አንድ ፈተና የቀረው ሰው እረፍቱን ከመውሰዱ በፊት የቀሩትን ዓመታት መቁጠር ይኖርበታል።

ለመቀጠል የወሰነ ሰው ገበያ ላይ ያለ ጠንቃቃ ነጋዴ እንደሚያደርገው የሚወጣበትን ዋጋ ከመግባቱ በፊት ቢወስን ይበጃል። ለምሳሌ በሁለት የሙከራ ፈተናዎች ከመቶ 60 ካላመጣ ምዝገባውን ላያካሂድ፣ ከአራተኛው ሙከራ በኋላ ውጤቱ ከሦስተኛው ካልተሻለ ሊያቆም፣ ይህንንም በጽሑፍ አስፍሮ ለአንድ ለሚያምነው ሰው ሊሰጥ ይችላል። ውጤት ወጥቶ ልብ ሲሰበር የሚወሰን ውሳኔ ወደ ሁለቱም ጽንፍ ይወስዳል፤ ወይ በንዴት መጽሐፉን መጣል፣ ወይ በዚያው ምሽት እልህ ተጋብቶ እንደገና መመዝገብ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ተብሎ የሚሰጠው ማጽናኛ ለአንዳንዱ ተፈታኝ እውነት ነው፤ ከ31 ወደ 46 ለወጣው ሰው በተለይ። ካለበት ላልተንቀሳቀሰው ግን ሦስት ወር ቆም ብሎ አጠናኑን ለመቀየር ወይም ያንኑ 300 ሰዓት ለደንበኞቹ፣ ለሥራው ወይም ለሌላ አጭር ፈተና ለማዋል መወሰን ሽንፈት ተብሎ ሊቆጠር አይገባም። የሚቀጥለው ምዝገባ እስኪዘጋ ለሁለቱም የሚሆን ጊዜ አለ፤ ክፍያው የሚፈጸመው ሂሳቡ ከተሠራ በኋላ ቢሆን ነው የሚሻለው።