ኩክኒ የሚያሳስተው መቼ ነው?

በአንድ ቀን የተፈለፈሉ ሁለት ጫጩቶች በስድስተኛው ሳምንት ጎን ለጎን ሲታዩ የአንዱ ኩክኒ ቀልቶ ቆሟል፤ የሌላው ገና ከአናቱ ከፍ አላለም። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አውራ፣ ሁለተኛዋን ቄብ ይላል። ሁለቱ ከአንድ ዝርያ ከሆኑ ግምቱ አብዛኛውን ጊዜ ያስኬዳል። ዝርያቸው ከተለያየ ግን ያሳስታል። አውራ ዶሮ ማርባት በተከለከለባቸው በርካታ የአሜሪካ ከተሞች፣ ለእንቁላል ብሎ በጓሮው ጥቂት ዶሮዎች ለሚያረባ ሰው ስሕተቱ የሚገለጠው ጎረቤት በሌሊት ጩኸት ሲነቃ ነው።

ኩክኒን የሚያሳድገው በዋናነት ቴስቶስትሮን የተባለው የወንዴ ሆርሞን በመሆኑ በአንድ ዝርያ ውስጥ የአውራው ቀድሞ ይቀላል። ቅርጹን የሚወስነው ግን ዘር ነው። የሌግሆርን ኩክኒ ነጠላና እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰነጣጠቀ ነው፤ ቄቧም ብትሆን ቶሎ ታወጣለች። ብራህማ በሦስት ዝቅተኛ ረድፎች የተሠራ፣ የአተር ኩክኒ የሚባለው ዓይነት ስላለው አውራው እንኳ ለሳምንታት ቄብ ሊመስል ይችላል። ይህ ቅርጽ በኢትዮጵያ የአገር ዶሮዎችም ላይ በሰፊው ይታያል። (ጉትያ ሌላ ነገር ነው፤ እርሱ ላባ ነው።) የዋያንዶት ደግሞ የጽጌረዳ ኩክኒ ይባላል፤ ሰፊ፣ ዝቅ ያለና በጥቃቅን ጉብታዎች የተሸፈነ ነው።

እንግሊዛዊው ዊልያም ቤትሰን የሜንዴል የውርስ ሕግ በእንስሳትም ላይ እንደሚሠራ እ.ኤ.አ. በ1902 ያሳየው በዚሁ በኩክኒ ነበር። በኋላም ከሬጂናልድ ፐኔት ጋር ባለጽጌረዳውን ከባለአተሩ ሲያዳቅሉ ከሁለቱም የማይመስል፣ የለውዝ ቅርፊት የመሰለ ኩክኒ ተገኘ። ሁለት ዘረ መሎች አንድን ቅርጽ በጋራ ሊወስኑ እንደሚችሉ የታወቀው እንዲህ ነው።

የጽጌረዳው ምሥጢር የተፈታው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፦ የአንድ ክሮሞሶም ሰፊ ክፍል ተገልብጦ ተቀምጧል። ግልባጩን ከአባትም ከእናትም የወረሰ አውራ የዘር ፍሬው እንቅስቃሴ ደካማ ይሆናል፤ ከአንዱ ብቻ የወረሰው ግን ደኅና ያፈራል። በንጹሕ የዋያንዶት መንጋ ውስጥ አልፎ አልፎ ባለነጠላ ኩክኒ ጫጩት ብቅ የሚለውም ግልባጩን በአንድ ቅጂ ብቻ ከያዙ ወላጆች ነው። ስለዚህ እንዲህ ያሉ ጫጩቶችን ከነወላጆቻቸው እያስወገደ መንጋውን «የሚያጠራ» አርቢ የመራቢያ አቅሙን አብሮ ያስወግዳል።

ጾታን መለየት ለፈለገ ግን ጫጩቱን ከራሱ ዝርያ እኩዮች ጋር ብቻ ማነጻጸር ይበጃል። ባለአተር ኩክኒ ከሆነ፣ በሦስተኛው ወር ገደማ ከጅራቱ ሥር ግራና ቀኝ የሚወርዱትን ሹል ላባዎች መጠበቅ ይሻላል፤ ቄብ እነርሱን አታወጣም።