ከዘንገና እስከ ጣና፦ ቤተሰብን ይዞ ወደ ሐይቅ

የትምህርት ቤት እረፍት በመጣ ቁጥር ልጆች ከቤት ወጣ ብለው መናፈስ ይፈልጋሉ። ከዲማ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ቤተሰብ በሞጣ በኩል ቢያልፍ መንገዱ ያጥርለታል። ጊዜ ያለው ግን የመንገዱን ሰላም አስቀድሞ ጠይቆ በደብረ ማርቆስና በቡሬ ቢዞር፣ እንጅባራ ከመድረሱ በፊት ዘንገናን ያገኛል። በአንድ ጉዞ ሁለት ሐይቅ ማየት ማለት ነው፤ ሁለቱም ለዓይን የሚመስሉትን አይደሉም።

ዘንገና እሳተ ገሞራ የከፈተው ክብ ጉድጓድ ውኃ ሞልቶት የተፈጠረ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ጥልቀቱ ግን 166 ሜትር ይደርሳል! ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍነው ጣና ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። ዘንገና ጸጥ ብሎ ሲያዩት ለዋና ይጋብዛል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ሐይቅ ዳርቻው ቀስ እያለ አይጠልቅም፤ ጥቂት ከገቡበት እግር መሬት ያጣል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ በደኑ ጥላ ሥር ይጫወቱ፣ ጦጣዎቹንም ይመልከቱ። ዳቦ ግን አይወርውሩላቸው፤ ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጦጣ ኋላ መንጠቅ ይጀምራልና።

ከዘንገና የሚወጣ ወንዝ ስለሌለ የገባበት ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በረጋ ውኃ ውስጥ መሽናትን መከልከላቸውን ልጆቻችን በመድረሳ ይማራሉ፤ ምክንያቱን በዓይናቸው የሚያዩት እዚህ ነው። ሳሙናና ፌስታልም ከዚሁ ይቆጠራሉ።

ጣና ሲደርሱ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ብቅ ጥልቅ ሲል ይታያል። ባለጀልባውን «ቅረብልን» ብሎ መወትወት ግን አይገባም፤ የተቆጣ ጉማሬ ጀልባ ይገለብጣል። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ከውኃው በታች ያለው ነው። ላቤኦባርበስ ከሚባለው የዓሣ ወገን ከጣና በቀር በዓለም የትም የማይገኙ ከ10 የሚበልጡ ዝርያዎች አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት እንደ ጉማራ ወዳሉ ገባር ወንዞች ወጥተው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ያን ጊዜ በወንዙ አፍ ላይ መረብ ሲዘረጋ እናቲቱ ሳትራባ ትያዛለች፤ ቁጥራቸውም በዚህ የተነሳ በእጅጉ ቀንሷል።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ጣናን በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቦታል። ይህም አንዳንዱ ቦታ እንዳይነካ፣ ሌላው ደግሞ ሕዝቡ እያረሰና እያጠመደ እንዲኖርበት የሚለይ አሠራር ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2011 የታየው እንቦጭ ግን ወሰን አላወቀም፤ በተለይ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ለጀልባም ለመረብም አስቸጋሪ ሆኗል።

ለጉዞው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል። ያን ጊዜ የሰሜኑን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ፣ ክሬን የሚባሉ ባለረጅም እግር ግራጫ ወፎች በሺህ እየተቆጠሩ በሐይቁ ዙሪያ ይከርማሉ። ቀን በታጨደ ማሳ ላይ ሲለቅሙ ይውሉና ወደ መግሪብ ገደማ መንጋ መንጋ ሆነው ወደ ውኃው ዳር ለአዳር ይመለሳሉ፤ ድምፃቸውም ከአካላቸው ቀድሞ ይሰማል።